ሊቀ ሸክላና የመነጽር ሠሪው ጆሮ

ሰው አንድ ነገር መውደድ ሲጀምር፣ ያንኑ ነገር ከእሱ ቀድሞ የወደደ ሌላ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ይላል። ይህ የማይሻር ሕግ ነው። እርግብ ማርባት ጀምሩ፤ የእርግብ አዋቂ ይመጣል። ደጃፋችሁ ላይ አንዲት ጽጌረዳ ትከሉ፤ መንገደኛው አጥሩን ተደግፎ፣ «እዚህ ጋ ነው የተከላችኋት?» ይላል። በዚያች «እዚህ ጋ» ውስጥ የዕድሜ ልክ ዕውቀትና ለጽጌረዳዋ አስቀድሞ የተዘጋጀ የኀዘን መግለጫ አለ።

ክላሲካል ሙዚቃ የተቀዳበት ሸክላ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ግን ከሁሉም የባሰው ይደርሰዋል። የእርግብ አዋቂ ቢበዛ እርግብህን ይንቃል። የሸክላ አዋቂ የሚንቀው ጆሮህን ነው።

መነጽር ሠሪው ይህን አያውቅም ነበር። አርባ ዓመት በሞላው ሰሞን የመንጋጋ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ፣ የጥርስ ሐኪሟ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተራውን ሲጠብቅ ቼሎ፣ ያን ድምፀ ወፍራም ትልቅ ቫዮሊን፣ ሰማ። ጉንጩን ይዞ ያለቅስ የነበረው ሰው ማልቀሱን አላቆመም፤ የሚያለቅስበት ምክንያት ግን ተለወጠ። ጥርሱ ተነቅሎ ጥጥ ከጎረሰ በኋላ ስለ ሙዚቃው ሐኪሟን በምልክት ጠየቃት። እሷም ቅዳሜ ከሰዓት ክሊኒኩ ሲዘጋ ጥቂት ወዳጆች እዚያው ክፍል ተሰብስበው ሸክላ እንደሚያደምጡ ነገረችው። በሳምንቱ፣ የጉንጩ እብጠት ገና ሳይጎድል፣ መጣ።

ጥቂት ወዳጆች የተባሉት ሐኪሟ ራሷ፣ አንድ የጂኦግራፊ መምህርና ሊቀ ሸክላ ናቸው። ሊቀ ሸክላ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ መምህሩ ሾማቸው፣ ሹመቱም ጸደቀ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሽመና ማሽን ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው፣ ይህን ሁሉ ሙዚቃ መቼ እንዳጠኑት ፈጣሪ ይወቅ። አቀማመጣቸው ግን የመካኒክ አይደለም፤ የጠቅላይ ዳኛ ነው። ለድምፅ ማጉያው ሳጥን ቅርብ የሆነችው ወንበር የእሳቸው ናት። ሙዚቃ ሲጀመር መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ ያሳርፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ደፍሮ የሚተነፍስ የለም።

መነጽር ሠሪው የመጀመሪያ ሸክላውን ደረቱን ነፍቶ ይዞ መጣ። ከዚህም ከዚያም የተመረጡ ጣፋጭ ጣፋጭ ዜማዎች ነበሩ። ሊቀ ሸክላ በሁለት ጣታቸው ተቀበሉት፣ ገለበጡት፣ መለሱለት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን እሱ አይደለም። ምሳ ብለው ጠርተው አጥንት አጉርሰውሃል።»

ጥሩ ነው፤ ግን እሱ አይደለም። ከዚያን ቀን ወዲህ መነጽር ሠሪው ይህችን ቃል የሰማውን ያህል የገዛ ስሙን አልሰማም። አንድ ሲምፎኒ ግዛ አሉት፤ ገዛ። ኦርኬስትራውን የመራው ሰውዬ አውቶቡስ ሊያመልጠው ስለሆነ ይጣደፋል ተባለ። ሌላ ገዛ። ይኸኛው ደግሞ አውቶቡሱ አምልጦት በእግሩ የሚያዘግም ሆነ። ሦስተኛው የተቀዳበት አዳራሽ ባዶ በርሜል ነው ተባለ። አራተኛውን ሲያመጣ፣ የሙዚቃው ሁለተኛ ክፍል ላይ ከታዳሚው አንድ ሰው ያስል እንደሆነ ጠየቁት። ማንም እንደማያስል ሲነግራቸው በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነተኛው ቅጂ ሳል ያለበት ነዋ፤ ኦርኬስትራው እንደዚያ አምሮለት የተጫወተው ያ የሚያስለው ሰውዬ ጉንፋን በያዘው ዕለት ብቻ ነው።

የቤቱ መደርደሪያ ሞላ። ሚስቱ አንድ ቀን ሽፋኖቹን ተራ በተራ አንብባ፣ ይህ ሁሉ አንድ ዘፈን ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ልዩነታቸውን ሊያስረዳት ተነሣና የሊቀ ሸክላን ቃል በሊቀ ሸክላ ድምፅ ደገመላት። አንተስ የቱን ወደድከው ስትለው ግን ሽፋኖቹን መልሶ መደርደር ጀመረ። እውነቱ ከተነገረ፣ አንዱንም ከዳር እስከ ዳር ሰምቶት አያውቅም። ሸክላውን የሚያጫውተው ሱቁ ውስጥ ሌንስ እየሞረደ ነው። መሞረጃው ሲጮኽ ቫዮሊኑ ይጠፋል፤ መሞረጃው ሲያርፍ ሸክላው አልቋል። መግዛቱን ገዝቷል፣ መደርደሩንም ደርድሯል፤ የቀረው መስማት ብቻ ነበር።

ይህ ባልከፋ፤ የከፋው ፈተናው ነው። ሊቀ ሸክላ ግዛ ብለው አይተዉህም፤ በሳምንቱ ይጠይቁሃል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ፍሉቱ፣ ያ የፈረንጅ ዋሽንት፣ ሲገባ እንዴት ነው የገባው፣ ቀስ ብሎ ነው ወይስ ሳታስበው፣ ይሉና ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊትህ ተቀምጠው አፍ አፍህን ያዩሃል። መምህሩ እንኳ፣ ዕድሜ ልኩን ሌላውን ሲፈትን የኖረ ሰው፣ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። መነጽር ሠሪው መውጫ ቀዳዳ አበጀ፤ ከሽፋኑ ጀርባ የታተመውን ማብራሪያ ሸምድዶ ይመጣል። ፍሉቱ በልስላሴና በግርማ ይገባል ይላል። እሳቸውም ሰምተው ወደ ሐኪሟ ይዞራሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ የሸመደደውን ሲያንበለብል ሊቀ ሸክላ እጃቸውን አነሡ።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ይሄንን እኔም አንብቤዋለሁ።»

በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም የደከማቸው ይመስሉ ነበር። መምህሩ ግን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንባውን ለመጥረግም መነጽሩን አወለቀ፤ ያን መነጽር የሠራለት ማን ሆነና። መነጽር ሠሪው የሚገባበት ጉድጓድ አጣ። ቤቱ ሲደርስ ሀፍረቱ ቂም ሆኖ ነበር።

ሊቀ ሸክላ ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት አንድ ቅጂ አለ። አንዲት ፒያኖ ተጫዋች በስተርጅናዋ፣ ጣሪያው እንጨት በሆነ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ የተጫወተችው ነው። የእሳቸው ተሰብሮባቸው ሌላ ሲያፈላልጉ ዓመታት አልፈዋል። መነጽር ሠሪው ይህን ሸክላ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ አገኘው። ይዞላቸው መብረር ሲገባው ሌላ ሐሳብ መጣለት። የሴትዮዋን ሸክላ አውጥቶ ቤቱ አስቀመጠ፤ በባዶው ሽፋን ውስጥ ያንኑ ሙዚቃ ሌላ ሰው፣ አንድ ችኩል ወጣት፣ የተጫወተውን ከተተ። ለመምህሩም በጆሮው ሹክ አለው።

ቅዳሜ ሽፋኑን ሲያሳያቸው ሊቀ ሸክላ ከወንበራቸው ተነሡ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ዳሰሱትና መለሱለት። ሸክላውን ራሱ ማጫወቻው ላይ አደረገው። እሳቸው መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መምህሩ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሙዚቃው አልቆ መርፌው ሲነሣ የሊቀ ሸክላ ጉንጭ ርሶ ነበር።

«ይሄ ነው» አሉ። «እሱ ነው። ግራ እጇን ሰማችኋት? ከቀኟ ትንሽ ወደ ኋላ ትላለች። የሰው ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው።»

መምህሩ ሳቁ አመለጠው። መነጽር ሠሪው ሸክላውን አነሣና መሃሉ ላይ የተጻፈውን የወጣቱን ስም ጮክ ብሎ አነበበ።

ሊቀ ሸክላ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ አዩ። ምን እንደተባለ አልገባቸውም። ሸክላውን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስሙን ለራሳቸው አነበቡት። ሁለት ቃል ለማንበብ ብዙ ቆዩ።

«ጥሩ ቀልድ ነው» አሉ። ሸክላውን ቀስ አድርገው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡና ወጡ።

በሩ ሲዘጋ ሐኪሟ ወደ መነጽር ሠሪው ዞረች።

«አንተ የዓይን ሰው ነህ» አለችው። «ሰው ሲያወራህ አፍ አፍህን ካየ አይገባህም? ጥርሳቸውን የማክማቸው እኔ ነኝ። ጭንብሌን ሳላወርድ ካናገርኳቸው አንድም ቀን መልሰውልኝ አያውቁም።»

የመነጽር ሠሪው ሱቅ ግድግዳ ላይ የዓይን መለኪያ ሰሌዳ አለ። ዓይናቸው የደከመ ልብስ ሰፊዎችና ጸሐፊዎች እንጀራችንን እናጣለን ብለው በመፍራት፣ የሰሌዳውን ፊደላት በቃላቸው አጥንተው ይመጣሉ። እሱ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ያውቃቸዋል። አንዱንም ግን በሰው ፊት አሳፍሮ አያውቅም፤ ሰሌዳው አርጅቷል ብሎ ሰበብ ይፈጥርና ሱቁ ጭር ሲል በሌላ ይለካቸዋል። ስማቸውን ለማያውቃቸው ሰዎች ያልነፈገውን ነገር ለእኚህ ሰው ነፈጋቸው።

ሦስት ቅዳሜ ከቤቱ አልወጣም። ሚስቱ አሞህ ነው ወይ ስትለው ጥርሴን ነው አላት፤ ያ ጥርስ ከተነቀለ ቆይቷል። በመጨረሻ ሁሉን ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችውና፣ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ የበደልከው እኔን አይደለም ብላ ኮቱን አመጣችለት።

እሑድ ጠዋት የሴትዮዋን ሸክላ በብብቱ ይዞ የሊቀ ሸክላን በር አንኳኳ። የከፈቱለት አብረዋቸው የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ናቸው። ወንድማቸው ዳቦ ሊገዙ እንደወጡ ነግረው አስገቡት። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው። የማጫወቻው ክዳን ላይ ግን የተተኮሰ ልብስ ተቆልሏል፤ ትናንት ዛሬ የተቆለለም አይመስልም።

እህትየው ነገሩ ያልተደበቀ መስሏቸው ሁሉንም አወሩለት። የሽመናው አዳራሽ ጩኸት የወንድማቸውን ጆሮ ጥቂት በጥቂት በላው። ሙዚቃ ከሰሙ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጆሯቸው ውስጥ የሚያደርጉት መሣሪያ ፊት ለፊት ለሚያወራ ሰው ትንሽ ይረዳል፤ ሙዚቃውን ግን ቆርቆሮ ያደርገዋል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ናችሁ የምትሰሙለት» አሉት። «እንዴት እንደነበር ጠይቆ ይመጣና ይጽፈዋል። እኔማ ዘፈን አላውቅ፣ ምን ብዬ ልንገረው።»

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እንዲያየው ገለጡለት። የየሸክላው ስም፣ ከሥሩ ማን ምን እንዳለ በመካኒክ ጥንቁቅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ሐኪሟ፦ ፍሉቱ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት የከፈተ መሰለኝ። ይህ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። መምህሩ፦ አልገባኝም፣ ግን እናቴን አስታወሰኝ። ይህም ተሰምሮበታል። የመነጽር ሠሪው ተራ ሲደርስ በየገጹ አንዲት ቃል ብቻ አለች። «ከሽፋኑ።» ገለጠ። «ከሽፋኑ።» ደግሞ ገለጠ። ሊቀ ሸክላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ያን የተሸመደደ ነገር የሰሙት፣ አንድ ቀን የራሱን ይነግረኛል ብለው ነው። ፈተና አልነበረም። የተራበ ሰው ልመና ነበር።

ሊቀ ሸክላ ዳቦውን ይዘው ገቡ። ደብተሩን በእጁ ሲያዩት ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እሱ ተነሥቶ፣ ፊቱን ወደ እሳቸው አድርጎ፣ ሸክላውን ሆን ብሎ እንደለወጠው፣ ቤቱ ከደረደራቸው ሁሉ አንዱን እንኳ ሰምቶ እንዳልጨረሰ፣ ያላስቀረው ነገር ሳይኖር ተናገረ። ይቅርታ ጋሼ ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ እሳቸው ግን ያዩት ከንፈሩን ብቻ ነው።

«ቀልዱ አይደለም የከፋኝ» አሉ ሊቀ ሸክላ። «የዚያን ዕለት የሰማኋት መስሎኝ ነበር። እንደ ድሮው። እሷን ነው የወሰድክብኝ።»

መነጽር ሠሪው የተተኮሰውን ልብስ አንሥቶ ለእህትየው ሰጣቸው፣ ክዳኑን ከፈተ፣ የሴትዮዋን ሸክላ አስቀመጠ። ወንበር ስቦ ከእሳቸው ፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ እስኪደርሱ፣ ተቀመጠ።

«ፒያኖ ነው» አለ።

«እሱንስ ገምቼ ነበር» አሉ ሊቀ ሸክላ።

እንደገና አፉን ከፈተ። የሸመደደው ሁሉ ጠፍቶበታል። ደረጃ የምትወርድ ሴት ትመስላለች አለ፤ አትቸኩልም፣ ጨለማ ሳይሆን አይቀርም፣ እግሯን ከማሳረፏ በፊት ትፈትሻለች። አሁን ቆመች። አሁን ወረደች። ደግሞ ቆመች። አሁንም አንዴ ቆመች፣ ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው።

«ሁለት ነው» አሉ ሊቀ ሸክላ።

«ሦስት ነው ጋሼ፣ እየሰማሁት እኮ ነው።»

«ሁለት ጊዜ ነው የምትቆመው። መልሰው።»

መርፌውን አንሥቶ መለሰው። ፊቱን ወደ ማጫወቻው ሊያዞር ሲል ከንፈሩ ሊታያቸው እንደሚገባ አስታውሶ ተወ። እህትየው ልብሱን እንዳቀፉ በሩ ላይ ቆመዋል። ሴትዮዋ ወረደች፣ ቆመች፣ ወረደች፣ ቆመች፤ ሦስተኛ መቆም ያለው ግራ እጇ ከቀኟ ትንሽ ወደ ኋላ ስትል ነበር።

«ሁለት ነው» አለ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ልክ ነዎት፤ ሁለት ነው።»

ሊቀ ሸክላ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደረካ ሰው ወደ ወንበራቸው መደገፊያ ለጠጥ አሉ። እሱ ሀፍረቱ ባለበት ቢሆንም፣ ሊሄድ አልፈለገም። ሙዚቃው እስኪያልቅ የሚሰማውን ሁሉ እየተንተባተበ ነገራቸው። መርፌው ወደ መሃል ደርሶ ሲነሣ፣ አፉ እንደቆመ አይተው ማለቁን አወቁ።

«በል ገልብጠው» አሉት። «ገና አንዱን ገጽ ነው የነገርከኝ።»