የባሌ ፒፓና የጎረቤት አካፋ

ሰው ሲያረጅ አዲስ ሙያ ያምረዋል ልበል? ባሌ ተመቸ ዕድሜውን በሙሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየቆረጠ ከሰል ሲያከስል የኖረ ሰው ነው። የጠጣው ጭስ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። እኔም አብሬው ስስል ኖሬያለሁ። ዘንድሮ "ከሰሉ በቃኝ፣ ልረፍ" አለ። እሰየው ብዬ ሳልጨርስ የእህቱ ልጅ ከአዲስ አበባ ፒፓ አመጣለት። ከጭስ ወጥቶ ወደ ጭስ! ምን ይባላል?

ማስተማሩ እኔ ላይ ወደቀ። መነጽር አያደርግ፣ ስልክ መነካካት አይወድ። የፒፓ አጫጫስ የሚያሳየውን ቪዲዮ እኔ አይቼ እነግረዋለሁ፤ እንጅባራ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ኔትወርክ የት ይገኛል? "ትምባሆውን ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ" እለዋለሁ። ሰምቶ! እንደ ከሰል ክምር ጠቅጥቆ ይደፍነዋል። ለከሰል አየር ጠላቱ ነው፤ ለፒፓ ግን ነፍሱ ነው። ሲስብ ጉንጩ ይሰረጉዳል እንጂ ጭስ የለም። ሲያላላው ደግሞ እንደ ወናፍ ይስባል፤ ምላሱ ይለበለባል። "እንደ ትኩስ አጥሚት ፉት በል፣ ጭሱን አትዋጠው" ብዬ ብዬ አፌ ደከመ።

ይህ ሁሉ ተደብቀን ነው። ለምን? የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ተራው የእኛ ነበራ! ትምባሆ የሚጨስበት ቤት ጽዋ አይገባም። ቤታችንን ዘሎ ቢያልፍ በምን ዐይኔ ገበያ እወጣለሁ? ጠላዬ ተጠንስሷል። "ማኅበሩ እስኪያልፍ እንኳ ተው" ብዬ ብለምነው፣ "ገና አሁን እጄ ሲገባ?" ብሎ ከጓሯችን ቀርከሃ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ።

ያን ቀን ተሳካለት። ጭሱ በቀርከሃው ራስ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጭስ ምን ማለት ነው? የከሰል ክምር ተቀዶ ውስጡ እየነደደ ነው ማለት ነው። ያየ ሁሉ አካፋ ይዞ ይሮጣል፤ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ቶሎ አፈር ካልለበሰ ልፋቱ አመድ ነው።

"ኧረ ከሰል ነደደ!" ሲባል ሰማሁ። መቼ ልድረስ! ቀድመው የደረሱት ጎረቤታችን አያ እንደሻው ናቸው፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው። ቀርከሃው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጭሱን እንጂ ሰውየውን አላዩም። አንድ አካፋ አፈር አሻግረው ለቀቁት። ሌሎቹም ተከተሉ። ስደርስ ባሌ እስከ ጢሙ አፈር ለብሶ፣ ፒፓውን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ ይዟል።

ሁሉም የሙሴውን አፍ ያያል። እኔ ጠላዬን የት እንደምደፋው ማሰብ ጀመርሁ።

አያ እንደሻው አካፋቸውን ተደግፈው፣ "ምን ታፈጣላችሁ?" አሉ። "የከሰል ጭስ ነው፤ አፈር አልብሰነዋል። በሉ፣ ለማኅበሩ እንገናኝ።"

የጎረቤት ገመና ከዚህ በላይ በምን ይሸፈናል?

ጽዋው ገባ። ተጠጣ፣ ተመረቅን። ባሌም "አፈር በላሁበት" ብሎ ፒፓውን ተወ። እፎይ፣ ተገላገልሁ ስል፣ በሳምንቱ አያ እንደሻው ብቻቸውን መጡና፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ "እቴ፣ ያ ተመቸ የነገረኝ ነገር... ትምባሆው ላላ የሚባለው ከታች ነው ከላይ?" አይሉኝም?