ሀብተ ማርያም በቦሮውና በሌንድ ላይ የዘመተው ዘመቻ

በዘመነ ሀብተ ማርያም፣ ከሁለተኛው ውድቀት በኋላ በመጀመሪያው ዓመት፣ ይኸውም በጃንሆይ ጊዜ በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሰኔ፣ ሙቀት በነገሠባት በድሬ ዳዋ፣ የጆንያ መዛኙ፣ የማታ ተማሪዎች አውራ፣ ግርማው እንደ ባቡር ጢስ ከሩቅ የሚታየው ጎረቤታችን ሀብተ ማርያም ክተት አለ። ጠላቶቹም ሁለት የእንግሊዝ ቃላት ነበሩ፤ ቦሮው መዋስ፣ ሌንድ ማዋስ ሲሆኑ፣ ለእርሱ ግን እንደ መንታ ልጆች አልለይ ብለው ሁለት ዓመት በፈተና ጣሉት። ዘንድሮም ቢወድቅ ከማታ ትምህርት ተሰናብቶ፣ የተመኘው የጸሐፊነት ወንበር ቀርቶበት፣ ዕድሜ ልኩን ጆንያ ሲመዝን ሊኖር ነው።

ወእምዝ መከረና አወጀ፦ «የሰፈሬ ሰው ሆይ ስማ! ዕቃህን ስወስድ ቦሮው፣ ዕቃዬን ስሰጥ ሌንድ እላለሁ። እምቢ ያለ የትምህርት ጠላት ነው!» የትምህርት ጠላት መባልን ማን ይወዳል?

ስለዚህ ሙቀጫ ተሸካሚው ዓዋሌ፣ ፋኖስ ያዡ ኑርቶና ለሳቅ ብቻ የመጣው ገዲ ተከትለውት፣ ከጎረቤታችን ከአዴ ሃዎ ሙቀጫቸውን፣ ከባለ ሱቁ ዳሂር ፋኖሱን፣ ይህን ከምጽፈው ከእኔም መሰላሌን ቦሮው እያለ ማረከ፤ የሚስቱን የወይዘሮ ተሻለችን ካውያ፣ ወንፊትና የምትቀመጥበትን በርጩማ ሳይቀር ሌንድ እያለ በተነ።

አዴ ሃዎ ከደጃቸው ቆመው አወጁ፦ «አቦ ሀብተ ማርያም! ሙቀጫዬ ካልመጣ ወላሂ በርበሬውን አናትህ ላይ ነው የምወቅጠው!» ተሻለችም መሬት ላይ ተቀምጣ አወጀች፦ «ብትወድቅ ያለ በርጩማዬ እንዳትገባ፤ ብታልፍም እንዳትገባ!»

በፈተናው ዕለት ጀግናው ኪሱን ቢዳብስ ብዕር የለም፤ ለካ ለዳሂር ሌንድ ብሎታል። ቁጡው መምህርም አወጁ፦ «ብዕር የሌለው ይውጣ! የሚፈልግ በእንግሊዝኛ አስተካክሎ ይጠይቅ!» ያን ጊዜ ሀብተ ማርያም ላብ በላብ ሆኖ ተነሣ፤ የአዴ ሃዎ ደጅ ትዝ አለው፤ ሙቀጫ እንደሚቀበል ሰው ሁለት እጁን ዘረጋ፤ እጁ ሲዘረጋ አፉ ሳያማክረው «ቦሮው» አለ። መምህሩ ተደንቀው የገዛ ብዕራቸውን ሰጡት፤ በእርሱም ጽፎ አለፈ።

እንግዲህ ቦሮውን ድል ለነሣ፣ ሌንድን ላስገበረ፣ በበርጩማ ፋንታ ወንበር ላገኘ ለጸሐፊው ሀብተ ማርያም ክብር ይሁን! የመምህሩ ብዕር እስከ ዛሬ በደረት ኪሱ እንደ ኒሻን ያበራል፤ መሰላሌም በግድግዳው ላይ እንደ ሰንደቅ ቆሟል። መመለስ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል የሚያስተምሩትን መምህር ፈጣሪ ቶሎ ይላክልን፤ ክረምቱ ደርሷል፣ ጣሪያዬ ያፈሳል።