ስለ ዕድራችን የተመራመረው ዶክተር

ዶክተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? መርፌ የሚወጋውን አይደለም፤ የሚመራመረውን ማለቴ ነው። እኛ ቡራዩዎች አንድ አለን፤ ጎረቤቴ ታደሰ። በሶሻል ወርክ ዶክትሬቱን ለመያዝ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ሰፈራችን ዕድር ጻፈ። ጽሑፉ ከውፍረቱ የተነሳ ሚኒባስ ላይ ለብቻው ወንበር ያዘ፤ ሽልማትም አገኘ። ኮራን! ሰበታና ሱሉልታ እንዲህ ያለ ሰው አላቸው?

የምርቃቱ ድግስ ሦስት ቀን ሲቀረው የዕድሩን ድንኳን ሊዋስ ወደ ሊቀመንበሩ ወደ ኦቦ ዳባ ሄደ። እኔም ሽማግሌ ሆኜ ተከተልኩት። ኦቦ ዳባ መዝገባቸውን ገለጡ።

«አንተ ልጅ፣ ከአባልነት ተሰርዘሃል። አራት ዓመት አንድ ቀብር አልወጣህም።»

«ኧረ ኦቦ! የቀረሁት እኮ ስለ ዕድሩ ስጽፍ ነው። ሦስት መቶ ገጽ!»

«ጎበዝ። ታዲያ ገጹ ሬሳ ተሸከመልን?»

ዶክተራችንን ፕሮፌሰሮቹ እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቁትማ! እንግዳው ተጠርቷል፣ በሬው ታስሯል፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል።

«ድንኳኑን ውሰድ» አሉ ኦቦ ዳባ በመጨረሻ፤ «ከእንግዲህ ግን ለለቅሶ የምትተክለው አንተ ነህ።»

ዛሬ ምሰሶ ተሸክሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ሐዘንተኛ በማጽናናትም የሚስተካከለው የለም። ኦቦ ዳባ ራሳቸው «ዶክተር» ይሉታል። እኔን የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት ካስማ ሲመታ ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር ወደቀ። ስለ ድንኳን አተካከል መጻፍ ከጀመረ ማን ሊተክልልን ነው?