ድኝ ያነሰው ጭስ

ባለፈው ኅዳር ስለ ሰፈራችን አየር ሁለት ምስክርነት ተሰጠ። አንደኛው የእኛ የምርምር ተቋም ነው፦ «በጨረር ኃይል በጭሱ ውስጥ ካለው ድኝ ከመቶ ዘጠና አምስት እጁን ይዘናል፤ ማሽናችን በታሪኩ እንዲህ ሠርቶ አያውቅም።» ሁለተኛው ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት የወይዘሮዋ የፓኒ ቦጉሚላ ነው፦ «ማክሰኞ ነጭ የትራስ ልብስ አሰጣሁ፤ ረቡዕ ቢጫ የትራስ ልብስ አስገባሁ። ባሌ እስከ አጥሩ ደርሶ ለመመለስ መሐል ላይ ማረፍ ጀምሯል።»

ነገሩን በጥሞና ለመረመረ ሰው ሁለቱም እውነት ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ሰው አልዋሸም፤ የታሪኩ ክብርም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

እንደ ሌሎቹ የፖላንድ ሲሌዥያ ከተሞች ሁሉ የእኛም ከተማ ከሰል ላይ ተቀምጣ ከሰል እያነደደች የምትኖር ናት። ተቋማችን የተተከለው ከሰፈሩ ማሞቂያ ቤት ጭስ ማውጫ ጎን ነው። ጭሱ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት በማሽናችን ውስጥ ያልፋል፤ አሞኒያ ይረጭበታል፤ ከዚያ በኤሌክትሮን ጨረር ይመታል። በጭሱ ውስጥ ያለው ድኝ ደንግጦ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም ማዳበሪያ ነው። ሰውን የሚያስለው ነገር ጎመን የሚያፋፋ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

በጸደይ ወራት አደጋ ደረሰ። ማሞቂያ ቤቱ ጥሩ ከሰል ገዛ።

ከማን እንደሆነ እንጃ፣ ድኝ የሌለበት ለማለት የሚያስደፍር ከሰል ነበር። የጭስ ማውጫው አፍ ጠራ። የፓኒ ቦጉሚላ ባል፣ ጡረታ የወጡት የከሰል ቆፋሪ ፓን አሎይዝ፣ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ካለው ቢጫ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ትልቁን ጥሩምባቸውን መለማመድ ጀመሩ። ወንበሩ ራሱ የምርምር ውጤት ነው፤ የቁሳቁስ ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ኦቲልያ ድኝ አቅልጣ ከጠጠር ጋር ለውሳ ያበጀችው ነው። በጋውን ሙሉ ሰፈሩ በጥሩምባ ድምፅ ተነሳ። ደስታው ብዙ ነበር፤ እኛ ግን ከኪሳራችን ጋር ነበርን።

መስከረም ላይ ዳይሬክተራችን ፕሮፌሰር ሉድቪክ የሳይንስ ጉባኤውን ሰበሰቡ። ቆመው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ የሐዘን ቤት በሚመስል ድምፅ ተናገሩ።

«ክቡራን፣ ጭሳችን ድኝ አንሶታል።»

ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ማሽኑ ስንት እየያዘ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ከመቶ አርባ» አለ የጨረር ክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ቲሞን።

«ከምኑ ላይ ነው አርባ?»

«ከምንም ማለት ይቻላል፣ ክቡር ዳይሬክተር። ከምንም ላይ አርባ መያዝ ራሱ ቀላል እንዳይመስልዎት።»

«በማዕድን ቆፋሪዎቹ በዓል፣ በቅድስት በርባራ ቀን፣ መርማሪው ኮሚሽን ከዋርሶ ይመጣል። አርባ ብሎ ካነበበ ይዘጋናል።»

ዶክተር ኦቲልያ እጇን አወጣች። «አየሩ ከጸዳ ግን... ደስ ሊለን አይገባም?»

ፕሮፌሰሩ እንደ አባት ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ አየሩን ያጸዳነው እኛ አይደለንም፤ ከሰሉ ነው። ያለ ምንም ሳይንስ፣ እንዲሁ በራሱ የጸዳ አየር ነው። እንዲህ ያለ አየር እምነት ይጣልበታል?»

ጉባኤው እምነት እንደማይጣልበት በአንድ ድምፅ ወሰነ። ቀጥሎም በተቋሙ ዘመን ከታዩት ውሳኔዎች ሁሉ የላቀውን አሳለፈ፦ የሚያዝ ድኝ ከሌለ፣ የሚያዝ ድኝ ይቅረብ። በሳምንቱ በስተ ምሥራቅ ቪስቱላ ወንዝ ዳር ካለ አሮጌ የድኝ ማውጫ አንድ ሙሉ ካሚዮን ቢጫ ዱቄት መጣ። በአካፋ እየተዛቀ በጥሩው ከሰል ላይ ተበተነ። ጭሱ ወፈረ፤ ማሽኑም ከረሃቡ ተላቆ ከመቶ ዘጠና አምስት ያዘ። ኢንጂነር ቲሞን ቁጥሩን ባየ ጊዜ ጓደኞቹን አቀፈ።

ዶክተር ኦቲልያ ብቻ እንቅልፍ አጣች። ዳይሬክተሩን ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ በጋውን ከከሰሉ የሚወጣው ድኝ አንድ ባልዲ ነበር እንበል። አሁን እኛ ካሚዮን እንጨምራለን። ከካሚዮኑ የሚያመልጠን አምስት ከመቶ ብቻውን ከባልዲው አይበልጥም?»

«ይበልጣል» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ሐቀኛ ሰው ናቸው። «ግን አምስት ከመቶ ነው።»

«ሰፈሩ ላይ እኮ ነው የሚወርደው!»

«ዶክተር፣ ከማውጫው አፍ የወጣ ጭስ የእኛ አይደለም። እሱ የአየር ትንበያ ሰዎች ሥራ ነው።»

ፓኒ ቦጉሚላ የመጡት በማግስቱ ነው። ቢጫውን የትራስ ልብስ እንደ ባንዲራ ይዘው በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ክብርት እመቤት፣ እሱ አምስት ከመቶው ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ ተነስተው የእመቤቲቱን እጅ እየሳሙ። «ዘጠና አምስቱን ቢያዩት ኖሮ!»

«እኔ የማየው ትራሴን ነው። አሎይዝ ደግሞ ሌሊቱን ሲያስል ነው የሚያድረው። በጋውን ደረጃ ሳያርፍ ይወጣ የነበረ ሰውዬ!»

«የማዕድን ሰው ሳል አዲስ ነገር አይደለም።»

«ጌታዬ፣ የባሌን ሳል ለእኔ አያስተምሩኝ፤ አርባ ዓመት አብሬው የተኛሁት እኔ ነኝ። የማዕድን ሠራተኞቹ ባንድ አለቃ ሄልሙት ቁርጡን ነግሮታል፤ በበርባራ ቀን ሲነፋ ትንፋሹ ከተቋረጠ ጥሩምባው ለሌላ ይሰጣል። አባቱ የነፋት ጥሩምባ ናት። እሷን ከወሰዱበት ምን ይዞ ይነሳል ጠዋት ጠዋት?»

ፕሮፌሰሩ ልባቸው ተነካ። ልብ የላቸውም የሚል ካለ አያውቃቸውም። ወዲያው ከመጋዘን አንድ ከረጢት ማዳበሪያ አስመጡ።

«ይኸው፣ ከዚያው ከጭሱ የተገኘ ነው። ጎመንዎ የበር መቃን ያክላል።»

«ጎመኔ ጥሩምባ አይነፋም!» አሉና ወጡ። ከረጢቱን ግን ይዘው ነው የወጡት፤ የእኛ ሰፈር ሰው ተቆጥቶም ቢሆን ለጎመኑ ያስባል።

የቅድስት በርባራ ቀን ጠዋት በረዶ ጣለ። የማዕድን ሠራተኞቹ ባንድ ጥቁር የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ላባ ያለውን ባርኔጣ ደፍቶ፣ እንደ ልማዱ ከቤት ወደ ቤት እየነፋ ወደ ተቋማችን በር መቅረብ ያዘ። ኮሚሽኑ ከባቡር ጣቢያ ተነስቷል። በዚህች ሰዓት ኢንጂነር ቲሞን እየሮጠ ገባ።

«የድኙ ካሚዮን በረዶ ላይ ቀርቷል! የተረፈን ለግማሽ ሰዓት እንኳ አይበቃም!»

ፕሮፌሰር ሉድቪክ በመስኮት ተመለከቱ። ዓይናቸው በራችን ላይ ካለው ቢጫ ወንበር ላይ አረፈ። ዶክተር ኦቲልያም ዓይናቸው የት እንዳረፈ አየች።

«አይሆንም» አለች።

«ምን ያህል ድኝ አለበት?»

«ክቡር ዳይሬክተር፣ የአራት ዓመት ሥራዬ ነው። ውርጭ ያልሰነጠቀው ነው!»

«ውርጭ እንኳን ካልሰነጠቀው» አሉ ፕሮፌሰሩ በአድናቆት፣ «መዶሻ ይፈልጋል ማለት ነው።»

የቁሳቁስ ክፍልና የጨረር ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ተባብረው አያውቁም ነበር። በዚያ ጠዋት ተባበሩ። አንዱ ክፍል የሠራውን ሌላው ሰባበረው፤ ኦቲልያ ራሷ እንባዋን እየጠረገች የመጨረሻዋን ቁራጭ ወደ ምድጃው ወረወረች። ከጭስ ማውጫው አፍ አንድ ቢጫ ደመና ብቅ አለ፤ ትንሽ ካሰበ በኋላም ወደ ባንዱ ወረደ።

የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ከመኪና ሲወርዱ ቁጥሩ ዘጠና ስድስት ይላል። ፕሮፌሰሩ በኩራት አሳዩአቸው። ሄልሙት በትሩን አነሳ፤ ባንዱ መንፋት ጀመረ፤ ረጅሟ የፓን አሎይዝ ድምፅ የምትገባበት ቦታ ደረሰ። አሎይዝ ጥሩምባውን ከፍ አድርገው አየር ሳቡ።

ስህተታቸው ያ ነበር።

ከጥሩምባው የወጣው ድምፅ የታመመ በሬ ድምፅ ይመስል ነበር። ከዚያ ሳሉ መጣ። ሳሉ በዚያች ሰፊ የናስ አፍ ውስጥ አልፎ ከመንገዱ ማዶ ካሉት ቤቶች ላይ አስተጋባ። ባንዱ ቆመ። ፓኒ ቦጉሚላ ከአጥሩ ማዶ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

በስፍራው የነበረው ሁሉ ዓይኑን ፕሮፌሰሩ ላይ ተከለ። ያን ጊዜ ነው ታላቅ ሰው መሆናቸው የታየው።

«ክብርት ሰብሳቢ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህ የሰፈሩ ሳል ነው። ማሽናችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ ድምፅ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።»

ሰብሳቢዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከስሜቱ ይሁን ከደመናው መለየት አልተቻለም። እዚያው በረዶው ላይ ቆመው አወጁ፦ ተቋሙ አይዘጋም፤ ይህን ያህል ለሚያስል ሕዝብ አንድ ማሽን ስለማይበቃ ሁለተኛ ይተከላል፤ ለሁለቱም የሚበቃ ድኝ መንግሥት ያቀርባል። አጨበጨብን። የባንዱም ሰዎች ልማድ ሆኖባቸው አጨበጨቡ።

ፓን አሎይዝ ማረፍ ፈልገው ወደ ወንበራቸው ዞሩ። በስፍራው አራት ጉድጓድና ጥቂት ቢጫ ፍርፋሪ ብቻ ነበር። ጥቂት ቆመው ፍርፋሪውን አዩ፤ ጭስ ማውጫውን ቀና ብለው አዩ፤ ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። ሄልሙት መሬት መሬቱን እያየ ቀረባቸው።

«አሎይዝ፣ ወንድሜ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ...»

«ምንም አታድርግ» አሉና ጥሩምባውን ራሳቸው አስታቀፉት። ከዚያ ከዋርሶ የመጡት እንኳ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

«ከበሮውን ስጡኝ! ሁለተኛው ማሽን ሳይተከል በፊት፣ ያለ ትንፋሽ የሚሠራ ሙያ ልልመድ።»