ሊቀ ዝገት ኢድዋል እና የአክስት ኤሊኔድ ዳገት

ወገኖች ሆይ! መንደር ያለ ፖስታ ቤት ይኖራል፤ የእኛው ከተዘጋ ቆየ፣ እኛም አለን። ያለ ሐኪምም ይኖራል፤ እንዲያውም ዕድሜ ይረዝማል የሚሉ አሉ። አዲስ ነገርን ሁሉ እንደ ግል ስድብ የሚቆጥር አንድ የብረት ባሕታዊ የሌለበት መንደር ግን ዌልስን ከዳር እስከ ዳር ብታስሱ አታገኙም። በመፍቻ ተፈትቶ፣ በመዶሻ ተመትቶ የማይታረም ነገር ለዚህ ሰው ከነጭራሹ አልተፈጠረም። ካፖርቱ የአባቱ ነው። መኪናው ከሰባኪያችን በዕድሜ ትበልጣለች፤ በድምፅም ትበልጣለች። ዓለም ወደፊት ስትሮጥ እሱ ከኋላ ቆሞ የወደቀላትን ብሎን ይለቅማል።

የእኛው ክቡርነታቸው ኢድዋል ይባላሉ። በሸለቋችን ሰው ቅጽል የሚያገኘው ከሥራው ነው፤ ዳቦ ጋጋሪው «ዳቦ»፣ እሳቸው «ዝገት»። ማዕረጉ አንሶባቸው ስላየሁ እኔ «ሊቀ ዝገት» አልኳቸው። ስማቸው ጸደቀ።

ነገሩ የተጀመረው አክስት ኤሊኔድ ከሆስፒታል የተመለሱ ዕለት ነው። አክስት ኤሊኔድ በሰንበት ትምህርት ቤት የሁላችንንም ጆሮ በየተራ የጠመዘዙ ሴት ናቸው። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ» ሲሏቸው ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቷቸዋል። የቀራቸው ምኞት አንድ ነበር፦ ከዳገቱ አናት፣ በላይኛው ቤተ ጸሎት ግቢ፣ ከባላቸው ጎን መቀበር።

ወደዚያ የሚወጣው የሬሳ መንገድ በሁለት የድንጋይ አጥር መካከል እንደ መሰላል የቆመ ነው፤ መኪና አይገባበትም። ድሮ ሬሳ የሚወጣው በወንዶች ትከሻ ነበር። ዛሬ ከትከሻችን ግማሹ ካርዲፍ ገብቷል፣ የቀረውን ሪህ ይዞታል።

በጀርባ በኩል፣ በቴግዊን የግጦሽ መስክ፣ መኪና እስከ ቤተ ጸሎቱ በር ይደርሳል። ቴግዊን ክፉ ሰው አይደለም፤ ባለ በግ ነው።

«ባዶ መኪናህ ሺህ ጊዜ ትለፍ» አላቸው ለኢድዋል። «ሬሳ ግን በመስኬ አያልፍም።»

«ምነው? አክስት ኤሊኔድ ሣርህን ይበሉብሃል?»

«ሬሳ ያለፈበት መሬት እስከ ዕለተ ምጽአት የሕዝብ መንገድ ነው። አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ ብሎኛል። ዛሬ ኤሊኔድን ባሳልፍ ነገ የለንደን ሰው ሁሉ ውሻውን እየጎተተ በበጎቼ መሃል ይንሸራሸራል!»

ሕጉ እንዲህ አይልም ብሎ ጠበቃ ነግሮት ነበር። «ጠበቃው በግ አለው?» ሲል ጠየቀ። የለውም። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሊቀ ዝገት ኢድዋል ታዲያ ወደ አክስት ኤሊኔድ ቤት ሄደው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ታላቁን አዋጅ አወጁ።

«ላንድሮቨሬን ባዶዋን በመስኩ አሳልፌ አናቱ ላይ አቆማታለሁ። ከዚያ ገመድ ቁልቁል ለቅቄ እርስዎን በሬሳ መንገዱ እስብዎታለሁ።»

«በምን?»

«በዊንች፣ በገመድ መጎተቻ።»

«ዊንች አለህ?»

«እገጥማለሁ።»

«አንተ ልጅ፣ አንዲት መዝሙር በቃልህ እስክትይዝ ሁለት ክረምት ፈጅተህብኛል። እኔ ሁለት ክረምት የለኝም።»

እኔም ለሕዝብ ጥቅም ስል ጣልቃ ገባሁ። «ክቡርነትዎ፣ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዊንች ሞልቷል። በአንድ ከሰዓት ይገጠማል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ያበቃል» አልኳቸው። ቤተ ጸሎት ውስጥ ቢራ የከፈትኩ ያህል አዩኝ።

«ኤሌክትሪኩ ባትሪ ይጠባል፣ ይግላል፣ ትንሽ ጎትቶ ልረፍ ይላል። አክስት ኤሊኔድን ዳገት መሃል ገትሬ ሻይ ልጠጣ? ይሄኛው ጉልበቱን ከሞተሩ ነው የሚወስደው። ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ ይጎትታል!»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል በዚያ ክረምት ያልሰማ ሰው ቢኖር ደንቆሮ ነው፤ እሱም ቢሆን ከከንፈራቸው አንብቧታል።

«ይሄኛው» የተባለው ከአንድ እርሻ የተገኘ፣ ዶሮዎች ሲሰፍሩበት የኖረ የቆመ የብረት ከበሮ ነው። መኪናው አፍንጫ ላይ ይተከላል፤ ከሞተሩ የሚመጣ ዘንግ ቀስ እያለ ያዞረዋል። ገመዱ ይጠመጠምበታል፣ የገመዱን ጅራት ደግሞ ሰው ቆሞ ይይዛል። ያ ሰው ጅራቱን ወጥሮ ከያዘ ከበሮው ይጎትታል። ከለቀቀ ገመዱ ይንሸራተታል፣ ጭነቱም ወደ መጣበት ይመለሳል። ፍጥነቱ? ቀንድ አውጣ ቢያየው ይታዘበዋል።

ክቡርነታቸው የዶሮውን ኩስ ፍቀው፣ ኩሽኔታውን ለውጠው፣ ከበሮውን ከፊት መከላከያው ከፓራውልቱ ኋላ አሰሩ። ዘንጉን ሞተር በእጅ ማስነሻ ማነቬላ በሚገባበት ቀዳዳ፣ በራዲያተሩ ሥር አሳልፈው ከሞተሩ ጋር አጋጠሙት። ሞተሩ ሲነሳ ዘንጉ እንደ ታመመ ጥርስ ተንቀጠቀጠ። ፈቱት፣ ሞረዱት፣ መልሰው አሰሩት፤ አሁንም ተንቀጠቀጠ። የገና በዓል አለፈ፣ በረዶው መጣ፣ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል። አክስት ኤሊኔድ በየቀኑ እየመነመኑ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጋራዡ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ቤታቸው አልቀመጥም ብለዋል። «የራሴን ሠረገላ ልቆጣጠር» ነው መልሳቸው።

አንድ ቀን ራሳቸውን መደገፍ አቅቷቸው አንገታቸው ዘንበል እንዳለ ተጣሩ።

«ኢድዋል!»

«አቤት፣ አክስቴ!»

«አንገቴን ሳዘነብል መኪናህ ቀጥ ትላለች። ቀና ስል ትጣመማለች።»

ክቡርነታቸው መፍቻውን ጣሉ። ስንት ዘመን አለፈው፣ ይህቺው መኪና የታችኛውን ቤተ ጸሎት የበር ምሰሶ ገጭታ ነበር። ፓራውልቱም ምሰሶውም ያን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ዘመሙ። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ዘወትር እሑድ መኪናዋን እዚያው ምሰሶ ፊት ያቆሟታል። ጠማማ ከጠማማ ጎን ቆሞ መንደሩ በሙሉ ቀጥ ያለ መስሎት ኖሯል! ሊቀ ዝገትም ከበሮውን ያስተካከሉት በዚሁ ፓራውልት ለክተው ኖሯል። ሁሉንም ፈትተው ከመኪናዋ አጽም፣ ከሻሲው ለክተው እንደገና ጀመሩ። ዘንጉ ጸጥ አለ።

ለሙከራ አንድ የወደቀ ዋርካ የሚያህል ግንድ አሰሩበት። ገመዱ ተወጠረ፣ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጧ! ዘንጉን የምታያይዘው ትንሽዬ የነሐስ ፒን ተሰበረች። ሕዝቡ ሳቀ። እኔማ የዝገት ዘመን አከተመ ብዬ አወጅኩ፤ «ጠንካራ የብረት ብሎን ይክተቱበት!» ስልም ጮህኩ።

«ብረት ካስገባሁ ገመዱ ተበጥሶ ያንተን አንገት ይወስዳል» አሉኝ። «እርግጥ መንደሩ ያመሰግነኝ ነበር። ይቺ ግን ሌላው እንዲተርፍ ልትሰበር ነው የተሠራችው።» እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ሌላ ፒን አወጡ፤ በትንሽ ግንድ ሞከሩ። ግንዱ እየተጎተተ መጣ።

«እኔ ከዚህኛው እቀላለሁ» አሉ አክስት ኤሊኔድ። «ጨረስክ ማለት ነው?»

«ጨርሻለሁ፣ አክስቴ።»

«እንግዲህ እኔም ልጨርስ።»

የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች በተወለዱበት ሳምንት አረፉ።

የሬሳ ሳጥኑን ድርቆሽ በሚጎተትበት ሸርተቴ ላይ አሰርነው። ሸርተቴውን ግራና ቀኝ እየደገፈ የሚወጣው ሕዝብ ታች ተሰለፈ። እኔ አናቱ ላይ፣ ከላንድሮቨሯ ጎን ቆሜ ምልክት አስተላልፋለሁ። ቴግዊን የመስኩ በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ኢድዋል ገመዱን ከበሮው ላይ ጠመጠሙ፣ ጅራቱን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ወደ ኋላ ዘንበል አሉ። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ እያንኮራፋ ዞረ፤ ሳጥኑም ከታች ተነሳ።

እንዴት ቀርፋፋ ነበር! የምናውቀውን መዝሙር ሁሉ ጨርሰን ከመጀመሪያው ጀመርን። ግን አንዴም አልቆመም፣ አንዴም አልተንገጫገጨም። በሰው ትከሻ ተሸክመናቸው ቢሆን እንኳ እንዲያ ለስለስ ብለው አይወጡም ነበር።

መንገዱ ሲጋመስ ዞር ብዬ ክቡርነታቸውን አየኋቸው። እንባቸው በጉንጫቸው፣ ንፍጣቸው በጢማቸው ይወርዳል። መጥረግ አይችሉም፤ እጃቸውን ከገመዱ ቢያነሱ አክስት ኤሊኔድ ቁልቁል ይመለሳሉ። ወደ እኔ ቀና አሉ።

መሐረቤን አወጣሁና ጠረግሁላቸው። እንባውንም፣ የቀረውንም። ሳጥኑ በሩ ላይ እስኪደርስ አጠገባቸው ቆሜ ጠረግሁ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ለሻይ ወርዶ፣ እሳቸው ገመዳቸውን ሲጠቀልሉ ቀረብ አልኩ።

«ይህን ዝገት እንዳይሸጡት። የእናት የአባቴም መቃብር እዚሁ ነው፤ እኔም አንድ ቀን በዚሁ ዳገት መውጣቴ አይቀርም።»

ክቡርነታቸው ከእግሬ እስከ ራሴ ለኩኝ። «ከነምላስህ ነው የምትወጣው?»

«ከነምላሴ።»

«እንግዲያው ፒን ማብዛት አለብኝ» አሉና አንዷን ከኪሳቸው አውጥተው በካፖርታቸው እጅጌ ወለወሏት። «ብቻ አትቸኩል።»