የምሥራች በሂሳብ፣ መርዶ በነፃ

«ታዲያ መርዶ ነው የምትሸጠው በለኛ!» አሉ ሐጂ ሱሩር፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሰዒድ አንገቱን ደፋ። እኔ የሻዩን በራድ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

መካ ነን፣ ዓዚዚያ፣ ሐጂ ሱሩር ቤት። የዐስር ሶላት ተሰግዶ አልቋል። ሐጂ ሱሩር የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው ቀሩ፤ እሳቸው መካ ተወለዱ። አማርኛቸው የአያታቸው አማርኛ ነው፤ አሮጌና ጣፋጭ፣ መሐል ላይ ዐረብኛ ጣል የሚልበት። የኔ ከፊል፣ ማለት በመንግሥት ፊት ተጠሪዬ፣ እሳቸው ናቸው። ጅዳ በኒ ማሊክ ያለውን ሱቃቸውን እጠብቃለሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ላይ ስማቸው አለ ይሉኛል። ፊደል አልቆጠርኩምና አምኜ ነው የያዝኩት።

እሳቸውና መሰሎቻቸው፣ የመካ ሐበሾች፣ ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ከአገር የመጣ ሰው ሙያ ካለው በሚኖርበት ሰፈር ሥራ እንዲከፍት፣ ሰፈሩም እንዲለማ። ልብስ ሰፊ አቋቁመዋል። ዳቦ ጋጋሪ አቋቁመዋል። ብድር አይደለም፤ ወለድ ሐራም ነው። ሙዷረባ ይሉታል፤ ገንዘቡ ከነሱ፣ ጉልበቱ ካንተ፣ ትርፉ ለሁለት። ጠያቂውን ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ዋስ ነው። ሰዒድን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ።

ሰዒድ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ደም የሚመረምር ልጅ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ወጣት መሆን ብቻውን ወንጀል ሲሆን፣ በሱዳን ዞሮ፣ ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ገባ። ጉለይል በሚባለው የጅዳ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ከኔ ጋር ይኖር ነበር። ሥራው መኪና ማጠብ። ግን ሙያ እንዲህ በቀላሉ ይለቃል? ውሃ ሊጠጣ ብርጭቆ ሲያነሳ፣ መጀመሪያ ወደ ብርሃን አቅርቦ ያየዋል። ሻይም ቢሆን ያየዋል።

«ጋሼ፣» አለኝ አንድ ቀን፣ «መኪና ማጠብ አልከፋኝም። እጄ ሥራውን እየረሳ ነው። ትንሽ እንዲህ ከቆየሁ፣ ደም ቢያሳዩኝ ቀይ ነው ከማለት በቀር የምለው አይኖረኝም።»

አሳዘነኝ። ጉለይልም ያሳዝን ነበር። ሰው ሲታመም ጎረቤቱን ያዳነውን ኪኒን ይውጣል። የጎረቤቱ በሽታ ግን የጎረቤቱ ነው! አንድ የሶሪያ ሐኪም ከክሊኒኩ ጎን ያለችውን ክፍል፣ በራሱ ፈቃድ ሥር፣ ለሰዒድ ሊሰጠው ተስማምቷል። የጎደለው ማይክሮስኮፑና ብልቃጡ ነው። ለዚህ ነው ዓዚዚያ የወጣነው።

ሐጂ መጀመሪያ በደግነት ነበር የጠየቁት። መድኃኒት ትሸጣለህ? አልሸጥም አለ። ታክማለህ? የሚያክመው ሐኪሙ ነው አለ። ታዲያ ሰው ከፍሎህ ምን ይዞ ይሄዳል? «በሽታውን አውቆ ይሄዳል» አለ ሰዒድ። የመርዶው ነገር የመጣው ያኔ ነው።

አሁን ወዳጄ፣ ሐጂ ተሳሳቱ ትላለህ? እኔ እንጃ። ባገራችን መርዶ ይሸጣል እንዴ? አጎቴ ከከሚሴ ገጠር ድረስ በእግሩ ተጉዞ የወንድ ልጅ መወለድ አበሰረ። «የምሥራች!» ሲል «ምሥር ብላ!» ተባለ፤ ፍየል እየጎተተ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በዚያው መንገድ፣ ለዚያው ቤት፣ መርዶ ይዞ ሄደ። ውሃ የሰጠው የለም። መንገዱ ያው ነው፣ እግሩም ያው ነው።

ጉለይልም እንደዚያው ነበርን። ያን ጊዜ ደብዳቤ በካሴት ነው የሚመጣው። ሐጃጅ ይዞት ይመጣል፣ መርከበኛ ይዞት ይመጣል። እናት በቴፕ ታለቅሳለች፣ ዶሮ ከኋላ ይጮሃል፣ ልጅ ያስላል። ዶሮው ራሱ ሆድ ያባባል። አሁን ሰው ስልኩን አውጥቶ የእናቱን ፊት ያያል፤ እኛ ግን ያገራችንን ዶሮ ለመስማት ካሴት መልሰን እናጠነጥን ነበር። ታዲያ ካሴት ሲመጣ ባለቤቱ ቀድሞ አይሰማም። መርዶ ቢኖርበትስ? አንድ ሰው ለብቻው ገብቶ ይሰማል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ለምን ቢባል ብዙ አላወራም፤ ፊቴም ነገር አያወጣም። የሰዒድ አባት ያረፉ ጊዜ የሰማሁት እኔ ነኝ። «ቴፑ ተበላሽቷል» አልኩና ካሴቱን ኪሴ ከተትኩ። የደሴ ልጆች እስኪሰበሰቡ ድረስ ኪሴ ውስጥ ከረመ። ከዚያ ማለዳ ላይ፣ ሁላችን ከበነው፣ ነገርነው። መርዶ እንዲህ ነው። ሸክም ነው እንጂ ሸቀጥ አይደለም።

ወደ ዓዚዚያ ልመልስህ። ሐጂ ሱሩር ሳቁን አቁመው ሌላ ነገር አነሱ። ይሄኛው ባሰ።

«ስማ ልጄ፣ ሙዷረባ ነው። ትርፍህ ትርፌ ነው። በሽተኛ ሲበዛ ታተርፋለህ፣ አይደል? እኔ ደግሞ በየሶላቱ ለኡማው ዓፊያና ጤና ስጥ እያልኩ ዱዓ አደርጋለሁ። ዱዓዬ ከደረሰ ከሰርኩ! ካልከሰርኩ ዱዓዬ አልደረሰም! የቱን ልመኝ?»

እውነት ነዋ።

«እድሪስ ከፈን ይሸጥ የለም እንዴ?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። ሐጂ እድሪስ ለሐጃጁ ከፈን፣ የመገነዣ ጨርቅ፣ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው።

ሐጂ እድሪስ ተቆጡ። «እኔ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው የምሸጠው! ተመልሶ የመጣብኝ የለም!»

ሳቅ ሆነ። ሰዒድ ግን አልሳቀም። እጁን አየሁት። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት፣ በሳሙና የተሰነጣጠቀውን ጣቱን ያሻል። አሁን አይሆንም ከተባለ ወደ ባልዲው ነው የሚመለሰው። ዋሱ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ማውራት ደግሞ አልችልም።

«የምሥራቹን ያስከፍል» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በራዱ የተናገረ ነው የመሰላቸው።

«ምን አልክ?»

«በሽታ ያልተገኘበት ይክፈል። ምሥር ያብላ። የተገኘበት አይክፈል። መርዶ አይከፈልበትም።»

ሐጂ ሱሩር ጢማቸውን ያዙ። አሰቡ። ከዚያ ጭናቸውን መቱ። «ወላሂ! ኡማው ጤነኛ ሲሆን እናተርፋለን! ዱዓዬና ሱቄ ታረቁ! ኻላስ፣ ተፈቅዷል!» ሐጂ እድሪስ ሳይቀሩ መረቁ። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ እንዲህ አልተመረቀም።

ሰዒድ ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ምን አደረግከኝ? ምርመራ የሚመጣ እኮ የታመመ ነው! ጤነኛ ማን ይመጣል?»

እውነቱን ነው። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አውቶቡሱ ጅዳ እስኪገባ አልተነጋገርንም። እኔስ ለምዶብኛል፤ እሱ ነው የከበደው።

የምርመራ ቤቱ ተከፈተ። እኔ ከሱቅ ስመለስ እየገባሁ እጠርግለት ነበር። ታዲያ ምን ሆነ መሰለህ? ጤነኛው ጎረፈ! ሰው ለካ ጤነኛ መሆኑን ለመስማት ገንዘብ አይሳሳም። ከፍሎ ይወጣል፣ ሠፈሩን ዞሮ «ከፍዬ መጣሁ!» ይላል። «እገሌ ከፈለ» ማለት «እገሌ ደህና ነው» ማለት ሆነ። ሙሽራ ሊያገባ ሲል የልጅቷ አጎት «ከፍለሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መኪና አጣቢው ሰዒድ ዶክተር ሰዒድ ተባለ። የሶሪያው ሐኪም ዶክተርነቱን ስላልተቀማ እንጂ ይቀየም ነበር።

መጥፎው ነገር ሌላው ነው። ሰዒድ «ያንተ አይከፈልም» ሲል ሰው መደንገጥ ጀመረ። አንድ ግንበኛ፣ ግንድ የሚያህል ሰው፣ ደጃፉ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ቢታይ ወስፋት ነው! እኛ ወስፋት ይዘን አይደል ያደግነው? አንዲት ሰው ቤት የምትሠራ የደሴ ልጅ ደግሞ፣ ውጤቷ ሳይነገራት ገንዘቧን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ሮጠች። «ከፍያለሁ! ከፍያለሁ!» እያለች። ሰዒድ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ በጉለይል አሸዋ ላይ ተከትሏት ሮጠ። «እህቴ፣ ኧረ ነፃ ነው!» ይላል። እሷ ነፃ የሚለውን ስትሰማ ባሰባት። የመናዊው ባለ ሱቅ ሌባ የሚያባርር መስሎት ዱላ ይዞ ወጣ። የያዛት ወባ ነበር። በጊዜ ተደረሰላት፤ ዳነች። ኋላ ሰርጓ ላይ ጠራችን።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ገንዘባችን ይቀጥል ወይስ ይመለስ ብለው ሊቆርጡ ነው። ጊዜው ክፉ ገጠመ። ሐጅ አልፎ ከተማው ሁሉ ያስላል። በሽተኛ ሲበዛ ከፋይ ይጠፋል፤ ሣጥኑ ባዶ ነው። ሰዒድ ማይክሮስኮፑን ሲወለውል «ጋሼ፣ ሊወስዱት ነው» ይለኛል። «ተው» እለዋለሁ።

ሐጂ ሱሩር ራሳቸው መጡ። ጉለይል ጠባቡ መንገድ ላይ መኪናቸው እየተጨነቀች። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ግራ ቀኝ አዩ። «ሰው በወሬ አይቆርጥም። እኔን መርምረኝ፤ ሥራህን በዓይኔ ልይ» አሉ። ከኪሳቸው ትልቅ የሪያል ኖት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ይሄ የኔ ምሥር ነው። ቀድሜ አብልቼሃለሁ።»

ሰዒድ የሰጣቸውን የሽንት ኩባያ ይዘው መጸዳጃ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነዋት፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ነው ያቀበሉት። ሽማግሌ ናቸዋ፤ ያፍራሉ።

ሰዒድ ሰማያዊውን ፈሳሽ ብልቃጥ ውስጥ አፈሰሰ። ከሽንቱ ጠብ ጠብ አደረገበትና እሳቱ ላይ ያዘው። ስጠርግ አይቼ አውቀዋለሁ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ሰላም ነው። ስኳር ካለ ግን አረንጓዴ ይላል፣ ቢጫ ይላል፣ ሲብስ እንደ ሸክላ ይቀላል።

አረንጓዴ አለ። ቢጫ አለ። አላቆመም። ቀላ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂ። «አየኸው አሊ፣ ሲያምር! አያቴ የወሎ አፈር ቀይ ነው ይለኝ ነበር። ይሄን ይመስላል?»

«ይመስላል፣ ሐጂ» አልኩ።

ሰዒድ ብልቃጡን አየ። ኖቱን አየ። ማይክሮስኮፑን አየ። ደህና ነዎት ማለት በቂ ነው። ሽማግሌው ተደስተው ይሄዳሉ፣ ገንዘቡ ይቀጥላል፣ ባልዲውም ይረሳል። ስኳር እንደሆን ቶሎ አይጮህም። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ሰዒድ ኖቱን በአንድ ጣቱ ገፋው። ቀስ አድርጎ፣ ወደ ሐጂ።

ሐጂ ኖቱን አዩት። «አነሰ እንዴ? ልጨምር?»

«አይ ሐጂ። የርስዎ አይከፈልም።»

ደንቡን ያጸደቁት እሳቸው ናቸው፤ ማን ያስረዳቸዋል? ፊታቸው ቀለሙን ለቀቀ። ሰዒድ አጠገባቸው በርከክ ብሎ እጃቸውን ያዘ። ስኳር ነው አላቸው። በጊዜ ተገኝቷል፣ ሐኪሙ መድኃኒት ይሰጥዎታል፣ ሻዩ ያለ ስኳር፣ ተምሩ በልክ፣ ሐላዋው ይቅር። አባቱን የሚያናግር ይመስል ነበር። እኔ እንኳ ያን ያህል አፍ ያለው ልጅ አይመስለኝም ነበር።

ሐጂ የቀላውን ብልቃጥ መልሰው አዩት። ኋላ ሳቅ ጀመራቸው። «አንተ ሰውዬ፣ መዋሸት ብታውቅ ኖሮ ዛሬ ትከብር ነበር» አሉት። ተነሱ። ኖቱን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ገንዘቡ ይቀጥላል። ወቅፍ ይሁን፣ ለአላህ የተሰጠ፤ ድርሻ አልፈልግም። የቻለ ይክፈል፣ ያጣ ይተው። በሽተኛም ይክፈል፣ ጤነኛም ይክፈል! ይሄ ብር መግፋትህ ከስኳሩ በፊት ይገድላል!»

ሰዒድ እዚያች ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ሠራ። አሁን ጉለይል ፈርሷል ሲሉ ሰማሁ። ማይክሮስኮፑ የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔም በዚያው ሰሞን እናቴ ታማ በካሴት ብትጠራኝ አገር ገባሁ፤ ሐጂን ዳግም አላየኋቸውም። ብዙ ኖረው፣ በእርጅና ሞቱ አሉኝ። አላህ ይዘንላቸው።

ያን ቀን መኪናቸው ድረስ ሸኘኋቸው። በሩን ዘጋሁላቸው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው በጣታቸው ጠሩኝ፤ ጎንበስ አልኩ።

«አሊ፣» አሉኝ፣ «ዕድሜህን ሙሉ ዝም ብለህ ኖረህ፣ አንድ ቀን አፍህን ብትከፍት የኔን አፍ ከሐላዋ ልታዘጋ ነው?»