በአያ ጫኔ ድንበር ላይ የቆመው መርከብ

ሰው ሕልም የሚያየው ማታ ነው። እኔ ግን ከትናንት በስቲያ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በመንግሥት የሥራ ሰዓት፣ በቀበሌያችን መጋዘን ውስጥ ባዶ ጆንያ ተንተርሼ ሕልም አየሁ። ደመወዝ እየተከፈለኝ ያየሁት ስለሆነ ሕልሙ የመንግሥት ንብረት ነው፤ መደበቅ አልችልም።

ስሜ ይበልጣል ነው። የዋርካ ምንጭ ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ገበሬውን ማማከር ሲሆን፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ለጠየቀኝ ገበሬ አንድም ቀን ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠ ሰው ነገ ይጠየቅበታል። «ሁኔታው እየታየ ነው» ያለ ግን ጡረታው ድረስ በሰላም ይሄዳል።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት ከተማ ሆቴል ውስጥ ዐውደ ጥናት ላይ ነበርኩ። ርዕሱ «የዓለም ፖለቲካ በአፍሪካ ግብርና፣ ንግድና የምግብ ዋስትና ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። ስለ ረሃብ ሦስት ቀን ተወያይተን ሁለት ኪሎ ጨምሬ ተመለስኩ። ከውይይቱ የያዝኩት ነገር ቢኖር ሩቅ ያሉ ሁለት አገሮች መጣላታቸውን፣ በእነሱ ጠብ መርከብ መቆሙን፣ የእኛም ማዳበሪያ ያለው እዚያው መርከብ ላይ መሆኑን ነው። ይህንኑ ገበሬዎቹ ከእኔ በፊት በሬዲዮ ሰምተውታል፤ ያውም ምሳ ሳይበሉበት።

ያን ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ወይዘሮ አንጓች ጠበቁኝ። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሦስት ልጅ ያሳድጋሉ፤ ያላቸው አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያቀናጃሉ፤ ጥማዱ በየተራ ይዞራል። ተራቸው ያን ዕለት ነበር። ካለፋቸው ተመልሶ የሚደርሳቸው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

«ልጄ፣ ትናንት ጥሩ አድርጎ ጥሏል፤ መሬቱ እርጥበቱን ይዟል» አሉኝ። «በቆሎዬን ዛሬ ያለ ማዳበሪያ ልዝራው ወይስ ማዳበሪያውን ልጠብቅ? አምና ይጠብቁ ብለኸኝ ጠብቄ የሰበሰብኩት አገዳ ነው። ልጆቼ ከጥር ወዲህ በቀን አንዴ ነው የሚቀምሱት። ዘንድሮ አንድ ቃል ንገረኝ።»

«ወይዘሮ አንጓች፣ እንደሚታወቀው ጉዳዩ ከዓለም አቀፉ ሁኔታ ጋር...»

«አንድ ቃል!»

«እሺ፣ ቆዩማ፣ ዞን ልደውል» ብዬ ገባሁ። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ጆንያው ለስላሳ ነበር።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ከመጋዘኑ እስከ ወንዙ ድረስ ሰልፍ ነው። ከረባት ያሰሩ ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ጭቃውን በባዶ እግር ይረግጣሉ። የታላላቅ አገሮች ሚኒስትሮች ነበሩ። ሁሉም ከቀበሌያቸው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈው መጥተዋል። ከሰልፉ መጨረሻ ዝናቡ ራሱ ተሰልፏል፤ ጥበቃው «መታወቂያህ ጊዜው አልፏል» ብሎ ስለመለሰው ጥግ ይዞ ይንጠባጠባል።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አልኩ።

«አያ ጫኔን» አለኝ ከፊት የቆመው። «ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተጣልተዋል አሉ። በእሳቸው ጠብ የተነሳ በእኛ አገር ዳቦ ጠፋ።»

አያ ጫኔ የገበሬዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር በአንዲት ስንዝር ወሰን የተጣሉት እውነት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በእውኑ ዓለም ያ ጠብ ከሁለቱ ሚስቶች በቀር ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። በሕልሜ ግን የዓለም ሬዲዮ ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ስንዝር ነበር። አያ ጫኔ አጥራቸው ላይ አንድ እሾህ ጣል ባደረጉ ቁጥር አንድ አገር ገበያው ይዘጋል። ጎረቤትየው «ዋ! እንተያያለን!» ሲሉ ሌላ አገር ዘይት ይወደዳል።

እኔ ሥልጠና ስሰጥ ሁልጊዜ የምጀምረው «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» እያልኩ ነው። ገበሬው ተረቱን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ያጨበጭባል። አሁን መንገዱ ዳር እፍኝ የማይሞሉ ሁለት ሣሮች ተናንቀው ይደባደባሉ። አጠገባቸው ስድስት ዝሆኖች የዕርዳታ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተኮራምተዋል። አንዱ ዝሆን «ጌታው፣ ሥልጠናው መቼ ነው?» አለኝ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ።

ከሰልፉ መሐል አንዲት ፈረንጅ ሴት መጣች። ፊቷ በብርድ ቀልቷል፤ ትራክተሯን እንደ በግ በገመድ ትጎትታለች።

«ሄልጋ እባላለሁ። ገበሬ ነኝ» አለችኝ ጥርት ባለ የጎጃም አማርኛ። «በአገሬ በረዶው ቀልጧል፤ መሬቱ እርጥበቱን ይዟል። ስንዴዬን ዛሬ ልዝራ ወይስ አያ ጫኔ እስኪታረቁ ልጠብቅ? ልጆቼ ምሳ ካቆሙ ሰነበቱ። አንድ ቃል ንገረኝ።»

ሌላው ሰው በሕልሙ ይበራል። አንዳንዱ ይነግሣል። እኔ በሕልሜም ያው እኔው ነበርኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «እንደሚታወቀው...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንድ ቃል!»

«እሺ፣ ለሚመለከተው አካል ላቅርብልሽ።»

የሚመለከተው አካል ሁለት በሬዎች ነበሩ። መጋዘኑ ውስጥ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው የታሸገ ውኃ ይጠጣሉ። አንደኛው ዳልቻ፣ የወይዘሮ አንጓች በሬ ነው። ገና አፌን ሳልከፍት «ተሰብሳቢው በሙሉ ይጠመድ!» አለ። «ስለ ገበሬ ስታወሩ ሦስት ቀን ሆናችሁ። አሁን ተግባር ነው።»

ቀንበሩ አንገቴ ላይ አረፈ። ከጎኔ የተጠመደው ጥቁር ሱፍ የለበሰ አምባሳደር ነበር። ዳልቻ ጅራፉን ሲያጮኸው ጎተትን። ጎተትን ስል እኔ ጎተትኩ ማለቴ ነው።

«ጎትት እንጂ!» አልኩት አምባሳደሩን።

«ሁኔታውን በቅርበት እየተከታተልኩት ነው።»

«አንገቴ ተላጠ እኮ!»

«ጥልቅ ሥጋት እንደተሰማኝ መግለጽ እወዳለሁ።»

«ወደ እኔ አትደገፍ!»

«ሁሉም ወገኖች እንዲረጋጉ ጥሪዬን አቀርባለሁ።»

ልሰድበው ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ። የተናገረው ሁሉ የእኔ ቃል ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት በቆሎው ላይ ተምች የገባ ጊዜ፣ ገበሬው ትሉን በእጁ እየለቀመ እያየሁ የተናገርኩት ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ ጎተትኩ።

እያረስን ወንዙ ዳር ደረስን። የእኛን ወንዝ በበጋ ዶሮም እግሯ ሳይርስ ትሻገረዋለች። እዚያ ላይ ባለ አምስት ፎቅ መርከብ ቆሟል። የአያ ጫኔ የእሾህ አጥር ወንዙን አቋርጦ መንገዱን ዘግቶበታል። መርከቡ እስከ አፉ የተሞላው በአያ ጫኔ በረት ፍግ ነበር። ለካ ዓለም ሁሉ የሚዘራው በእሱ ነው!

ከመርከቡ ፊት ኮፍያ ያደረገች አህያ ወረቀት ታገላብጣለች። ጉምሩክ ናት።

«ፍጉ ከየትኛዋ ላም እንደወጣ የሚገልጽ ሰነድ ጎድሏል» አለችኝ።

«ላሟ ሞታለች።»

«የሞት ሰርተፊኬቷን አምጣ።»

እሷን ትቼ ወደ አያ ጫኔ ሄድኩ። አጥራቸው ላይ ተቀምጠው እሾህ ይስላሉ። «አያ ጫኔ፣ በሞቴ! ስለ ሄልጋ ልጆች ብለው ያቺን ስንዝር ለጎረቤትዎ ይተዉና መርከቡ ይለፍ!» አልኳቸው።

«ሄልጋ የማን ልጅ ናት?»

«ሩቅ አገር ያለች ገበሬ ናት። ልጆቿ የሚበሉት አጥተዋል።»

አያ ጫኔ ከልባቸው አዘኑ። «እኔን! አንጀቴን በላችው» አሉ። «አንድ ጆንያ ሽሮ ይላክላት። ላዩ ላይ ‹ከዋርካ ምንጭ ሕዝብ የተለገሰ፣ የማይሸጥ› ተብሎ በትልቁ ይጻፍበት። ፎቶም ትነሣበት። ስንዝሯን ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለቅም!»

ሄልጋ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰማች። አልጮኸችም። ትራክተሯን በገመድ እንደያዘች ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ ወረደ። «ፀሐይዋ ዞረች» አለች። «ዛሬ ካለፈኝ አለቀልኝ።»

ያን ጊዜ አፈርኩ። በእውኔ ስንት ገበሬ ፊቴ ቆሞ ሲለምነኝ ያላፈርኩትን በሕልሜ አፈርኩ። የመርከቡ ካፒቴን ጡሩንባ አቀበለኝ። አፌ ላይ ደግኜ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮኽኩ፦

«ልቀቁት! መንገዱን ልቀቁ! ማዳበሪያው ነገ ጠዋት ይገባል! ዛሬ ማንም እንዳይዘራ፣ ሁሉም ይጠብቅ! ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ!»

አቤት ሲጣፍጥ! «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» የሚለው ቃል ከአንደበቴ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ሚኒስትሮቹ አጨበጨቡ። ሄልጋ እልልታዋን አቀለጠችው። አምባሳደሩ እንኳ «ጎበዝ!» አለኝ። ከዚያ በክብሬ ግብዣ ተደረገ። ጥብስ መጣ፣ ክትፎ መጣ፣ ተናገር ተባልኩና እየበላሁ ተናገርኩ። ግብዣው ብዙ፣ እጅግ ብዙ ሰዓት ቆየ። ደግመህ ብላ ሲሉኝ እሺ አልኩ። መጨረሻ ላይ ዝናቡ ጥበቃውን ገፍትሮ፣ ያለ መታወቂያ ሰተት ብሎ ገባና የመጋዘኑን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር።

ነቃሁ። ዝናቡ እውነት ነበር፤ ቆርቆሮው ሊቀደድ ደርሷል። ስልኩ ጆሮዬ ሥር ተጋድሟል። ሰዓቴ ስምንት ተኩል ይላል። አያ ጫኔ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነቃህ? እሰይ» አሉኝ። «ከዞኑ ሰዎች ጋር እንዲያ ተከራክረህ ደክሞህ ጋደም ስትል፣ ማንም እንዳይቀሰቅስህ በሩን ያዝኩልህ።»

«ከማን ጋር ተከራከርኩ?»

«እንዴት ከማን ይላል? ስልኩን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ‹ማዳበሪያው ነገ ጠዋት ይገባል፣ ዛሬ ማንም እንዳይዘራ፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ› አልካቸው እኮ! ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሰማህ። አንጓችማ እልል ብላ አገሩን አቀለጠችው። እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ ልጅ ወኔ የለውም እያልን ስናማህ ነው የኖርን። ይቅር በለን።»

«በሬዎቹስ?»

«የምን በሬ? ጥማዱንማ አንጓች ገና ጠዋት ለተረኛው ለቀቀች። እሱ አንተን አልሰማህ፤ ወዲያው ዘርቶ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ጨርሶ ገባ።»

ወይዘሮ አንጓች በዝናቡ ውስጥ መጡ። በአንድ እጃቸው የበቆሎ ዘራቸውን በአቁማዳ ታቅፈዋል። ሲያዩኝ ነጻ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ይባርክህ! የወለደችህ ትባረክ!» ይሉኝ ጀመር። «አንድ ቃል ብለምንህ ስንቱን ተናገርክልኝ!»

ዝም ብል ጀግና ሆኜ አድር ነበር፤ ቢያንስ እስከ ጠዋት። ምላሴ «እንደሚታወቀው» ሊል ተነሣ። ያዝኩት።

«ወይዘሮ አንጓች» አልኩ፣ «የዞኑ ሰዎች ስልኩን አላነሱም። የተናገርኩት ተኝቼ ነው። እንቅልፍ ላይ ነበርኩ።»

አያ ጫኔ ከበርጩማቸው ተነሡ። ወይዘሮ አንጓች የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው አወረዱ። መጀመሪያ ማሳቸውን አዩ፤ ውኃ ተኝቶበታል። ከዚያ እኔን አዩኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮኹብኝ ደስ ባለኝ።

«ታዲያ ነቅተህ የነገርከኝስ ምን ጠቀመኝ?» አሉኝ።

ስልኩን ከጆንያው ላይ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት።

«ግማሹን ዛሬ ማታ ለልጆቹ እቆላላቸዋለሁ» አሉ አቁማዳቸውን ወደ ደረታቸው እያስጠጉ። «የተረፈውን ዝናቡ ሲያባራ በዶማ እየቆፈርኩ እዘራዋለሁ። ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም።»